ሎተሪ ከመቁረጣችሁ በፊት፦ የትኛው ለማን ይሆናል?

ሎተሪ ሁሉ ከላይ ሲያዩት አንድ ይመስላል። ትከፍላላችሁ፣ ቁጥር ትይዛላችሁ፣ ዕጣው እስኪወጣ ትጠብቃላችሁ። ውስጡ ሲገባ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። አንዱ ከሰበሰበው ገንዘብ 70 በመቶውን ለባለዕድሎች ይመልሳል። ሌላው ግማሹን እንኳ አይመልስም። አንዱ ላይ አንደኛ ዕጣ የማግኘት ዕድል ከ100,000 አንድ ነው። ሌላው ላይ ከ600 ሚሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም። የከፈላችሁትን ገንዘብ ጨርሶ የማይበላም አለ።

ብዙ ሰው የሚመርጠው ግን በጃክፖቱ፣ ማለትም በትልቁ ዕጣ፣ መጠን ብቻ ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ሰልፉ ይረዝማል። እኔ ይሄ የተገላቢጦሽ ነው ባይ ነኝ። መጀመሪያ መታየት ያለበት ከምትከፍሉት ስንቱ እንደሚመለስ፣ ለስንት ሰው እንደሚከፋፈል፣ ዕጣው በምን መልኩ እንደሚወጣ ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸውን ሎተሪዎች በነዚህ ጥያቄዎች ነው የማወዳድራቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ሎተሪ የሚሸጥ ሁሉ በድምሩ ከሰበሰበው ያነሰ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ የገቢ ምንጭ አይሆንም። የምትቆርጡበት ገንዘብ ከቤት ኪራይ ወይም ከልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ የሚነሳ ከሆነ፣ ከሚከተሉት ውስጥ ለእናንተ የምመርጠው የለም። ይሄን ከልቤ ነው የምለው።

ቁጥር እየመረጡ የሚቆርጡት

በዓለም ላይ ስሙ የገነነው ይሄኛው ነው። ሐሳቡ የተወለደው ጣሊያን፣ ጄኖዋ ውስጥ ነው። ከተማዋ ከዕጩዎች መካከል አምስት የምክር ቤት ሰዎችን በዕጣ ትመርጥ ነበር። ሕዝቡም ማን እንደሚወጣ መወራረድ ጀመረ። ኋላ ላይ የሰው ስም ቀረና ቁጥር ተተካ። ጣሊያኖች ከ90 ቁጥሮች አምስቱ የሚወጡበትን ሎቶ እስከ ዛሬ ይጫወታሉ።

የዚህ ዝርያ ታዋቂው የአሜሪካው ፓወርቦል ነው። ከ69 ቁጥሮች አምስት፣ ከሌላ 26 ደግሞ አንድ ትመርጣላችሁ። ትኬቱ 2 ዶላር ነው። ሁሉንም የመግጠም ዕድል ከ292,201,338 አንድ ነው። ዕጣው በሳምንት ሦስት ጊዜ ይወጣል። አንድ ሰው አንድም ዕጣ ሳያልፈው፣ በእያንዳንዱ አንድ ትኬት እየቆረጠ ቢኖር፣ ጃክፖቱ አንድ ጊዜ እንዲደርሰው በአማካይ ከ1.8 ሚሊዮን ዓመት በላይ መጠበቅ አለበት።

ይሄ ዕድል እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። እስከ 2015 ድረስ ከ175 ሚሊዮን አንድ ነበር። በዚያው ዓመት የቁጥሮቹ አደራደር ተቀየረና ወደ 292 ሚሊዮን ወጣ። ማሸነፍ ሲከብድ ገንዘቡ ሳይነካ ወደ ቀጣዩ ዕጣ ይዞራል። ሲዞር ሲዞር ያብጣል። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 2016፣ ጃክፖቱ 1.586 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። የእንግሊዙ ሎቶም በዚያው በ2015 ከ49 ቁጥሮች ወደ 59 ተሸጋገረ። ከ14 ሚሊዮን አንድ የነበረው ዕድል ከ45 ሚሊዮን አንድ ሆነ። እንግዲህ ያበጠ ጃክፖት ስታዩ፣ ከእናንተ በፊት ስንት ሰው ባዶ እጁን እንደቀረ እያያችሁ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የጣሊያኑ ሱፐርኤናሎቶ ነው። ከ90 ቁጥሮች ስድስቱን መግጠም ያስፈልጋል። ዕድሉ ከ622,614,630 አንድ ነው። የብራዚሉ ሜጋ ሴና ከ50,063,860 አንድ፣ የቻይናው ባለ ሁለት ቀለም ኳስ ደግሞ ከ17,721,088 አንድ ነው።

አውሮፓ ውስጥ ላለ ሰው ማወዳደሩ ቀላል ነው። ዩሮሚሊየንስና ዩሮጃክፖት ሁለቱም ከ50 አምስት፣ ከ12 ሁለት ያስመርጣሉ። ዕድላቸው እኩል ነው፤ ከ139,838,160 አንድ። ልዩነቱ ጣሪያው ላይ ነው። የመጀመሪያው ጃክፖት እስከ 250 ሚሊዮን ዩሮ፣ የሁለተኛው እስከ 120 ሚሊዮን ዩሮ ብቻ ያድጋል። ዩሮጃክፖት 2 ዩሮ ነው፤ ዩሮሚሊየንስ በአብዛኛው ቦታ 2.50። እኔ ጣሪያ ያለውን ሎተሪ እወዳለሁ። ጣሪያውን ሲነካ ትርፉ ወደ ታችኞቹ ዕጣዎች ይወርዳልና ብዙ ሰው ይዳረሰዋል። በእኔ ዓይን 120 ሚሊዮንም ሆነ 250 ሚሊዮን ዩሮ ለአንድ ቤተሰብ ልዩነት የለውም። ስለዚህ ከሁለቱ ርካሹን እመርጣለሁ።

"ከ25 ትኬት አንዱ ያሸንፋል" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ደግሞ ቆም በሉ። ለፓወርቦል ቁጥሩ እውነት ነው። ግን ከእነዚህ አብዛኞቹ የሚያገኙት 4 ዶላር ነው። ማስተዛዘኛ ማለት ይሻላል።

የታወጀው እና እጅ የሚገባው

አሜሪካ ውስጥ የሚታወጀው ጃክፖት በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም። በ29 ዓመት ውስጥ በ30 ክፍያ፣ በየዓመቱ 5 በመቶ እየጨመረ የሚከፈል ድምር ነው። አንድ ጊዜ ይሰጠኝ የሚል ሰው የሚወስደው በጣም ያንሳል። በኖቬምበር 2022 ካሊፎርኒያ ውስጥ የወጣው የ2.04 ቢሊዮን ዶላር ዕጣ በአንድ ጊዜ ሲከፈል 997.6 ሚሊዮን ነበር። ግማሽ እንኳ አልሞላም። ከዚያ ላይ የፌዴራል ግብር ይመጣል። ወዲያው 24 በመቶ ይያዛል፤ የመጨረሻው ተመን ግን እስከ 37 በመቶ ይደርሳል። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶችም የራሳቸውን ይጨምራሉ።

ዩሮሚሊየንስ የታወጀውን በአንድ ጊዜ ይከፍላል። እንግሊዝ ውስጥ ግብር የለውም። ስፔን የመጀመሪያውን 40,000 ዩሮ ነፃ አድርጋ ከዚያ በላይ ካለው 20 በመቶ ትወስዳለች። ጣሊያን ደግሞ ከሱፐርኤናሎቶ ሽልማት ላይ ከ500 ዩሮ በላይ ካለው 20 በመቶ ትቆርጣለች። ሁለት ሎተሪ ስታወዳድሩ ይሄን ሂሳብ ሳትሠሩ የማስታወቂያውን ቁጥር አትመኑ።

ድንገተኛ ሀብት ለሚያስፈራው ሰው እንግሊዝ ውስጥ ሴት ፎር ላይፍ አለ። አንደኛ ዕጣው በወር 10,000 ፓውንድ ለ30 ዓመት ነው። ዕድሉ ከ15,339,390 አንድ ነው። ገንዘብ እጁ ላይ እንደማይበረክት ለሚያውቅ ሰው ጥሩ ሐሳብ ይመስለኛል።

የልደት ቀን ጉዳይ

ቁጥር የሚመረጥበት ሎተሪ ላይ የምትመርጡት ቁጥር የማሸነፍ ዕድላችሁን አይቀይርም። የምትካፈሉትን ሰው ብዛት ግን ይቀይራል። ይሄ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር።

በጃንዋሪ 14 ቀን 1995 በእንግሊዙ ሎቶ 7፣ 17፣ 23፣ 32፣ 38 እና 42 ወጡ። 16 ሚሊዮን ፓውንዱን ለብቻዬ አገኘሁ ብሎ የጮኸ ሰው ሁሉ ከሌሎች 132 ባለዕድሎች ጋር ተካፈለ። ለእያንዳንዱ የደረሰው 122,510 ፓውንድ ነበር። ቁጥሮቹ ቁጥር የሚመረጥበት ቅጽ መሀል አካባቢ ያሉ ስለሆኑ ሰው ይወዳቸዋል። በ2022 ደግሞ ፊሊፒንስ ውስጥ የወጡት ስድስት ቁጥሮች ሁሉም የ9 ብዜቶች ነበሩ፦ 9፣ 18፣ 27፣ 36፣ 45፣ 54። ጃክፖቱን 433 ሰው ተካፈለው። አጭበርብረዋል የሚል ጫጫታ ተነሣ። ግን ብዙ ሰው የሚያምር ረድፍ ስለሚመርጥ፣ እንዲህ ዓይነት ረድፍ ሲወጣ ባለዕድሉም ይበዛል።

በ2005 ፓወርቦል ላይ 110 ሰዎች በአንድ ጊዜ ሁለተኛ ዕጣ አሸነፉ። አዘጋጆቹ ደንግጠው ምርመራ ጀመሩ። ሰዎቹ ቁጥሩን ያገኙት የቻይና ምግብ ቤቶች ከሚሰጡት፣ የዕድል ወረቀት ካለበት ብስኩት ነበር።

የልደት ቀን የሚመርጥ ሰው ከ31 በላይ አይወጣም። ብዙ ሰው ደግሞ እንደዚያ ያደርጋል። ማሽኑ በዘፈቀደ እንዲመርጥላችሁ ማድረግ ከዚህ ወጥመድ ያወጣል። ገንዘብ አይጨምርም፤ ቢደርሳችሁ ግን ከብዙ ሕዝብ ጋር ከመካፈል የማምለጥ ዕድላችሁ ይሰፋል።

ቁጥሩ ታትሞ የሚሸጠው

እኔ ከሁሉ የምወደው ይሄን ነው። ቁጥር አትመርጡም፤ የታተመ ትኬት ትገዛላችሁ። ሕጉ ግልጽ ስለሆነ ሂሳቡን ማንም ሊሠራው ይችላል።

ምሳሌው ዲሴምበር 22 የሚወጣው የስፔን የገና ሎተሪ ነው። የጀመረው በ1812 ካዲስ ከተማ ውስጥ ነው። ከ00000 እስከ 99999 ድረስ 100,000 ቁጥሮች አሉ። አንድ ቁጥር በብዙ ቅጂ ይታተማል። ሙሉ ትኬቱ 200 ዩሮ ስለሆነ ሰው የሚገዛው አንድ አሥረኛውን፣ በ20 ዩሮ ነው። "ወፍራሙ" የሚባለው አንደኛ ዕጣ ለአንድ አሥረኛ 400,000 ዩሮ ያስገኛል። ግብሩ ተቆርጦ 328,000 ዩሮ እጅ ይገባል። ከሽያጩ 70 በመቶው ለዕጣ ይውላል። የትኬታችሁ የመጨረሻ አኃዝ ከወፍራሙ የመጨረሻ አኃዝ ጋር ከገጠመ የከፈላችሁት 20 ዩሮ ይመለሳል።

እስቲ በተመሳሳይ ገንዘብ እናወዳድር። በ20 ዶላር አሥር የፓወርቦል ትኬት ይገዛል። የጃክፖቱ ዕድል ከ29 ሚሊዮን አንድ ይሆናል። በ20 ዩሮ የስፔኑን ብትቆርጡ የወፍራሙ ዕድል ከ100,000 አንድ ነው። ሽልማቱ ቢሊዮን አይደለም። ግን ቤት ይገዛል፣ ዕዳ ይከፍላል፣ ልጅ ያስተምራል። እኔ ሎተሪ ሲደርሰኝ የምመኘው ይሄንን ነው።

ሌላም ውበት አለው። አንድ ቁጥር በብዙ ቅጂ ስለሚታተም፣ አንድ መሥሪያ ቤት ወይም አንድ መንደር በሙሉ አንድ ቁጥር ይይዛል። በ2011 ሶዴቶ የምትባል ትንሽ የአራጎን መንደር ውስጥ ከአንድ ቤት በቀር ሁሉም ቤተሰብ ወፍራሙ ደረሰው። ገንዘብ አንድ ሰው ላይ ከሚከመር መንደር ሲያረሰርስ ማየት ደስ ይላል። የቀረው አንድ ቤት ግን ያሳዝናል።

ታይላንድም የታተመ ትኬት ነው የምትሸጠው። ዕጣው በየወሩ 1 እና 16 ይወጣል። ትኬቱ 80 ባት፣ አንደኛ ዕጣው 6 ሚሊዮን ባት፣ ዕድሉ ከአንድ ሚሊዮን አንድ ነው። ሕጉ ከሽያጩ 60 በመቶ ለዕጣ፣ ቢያንስ 23 በመቶ ለመንግሥት ይመድባል። የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች የገጠመ 2,000 ባት ያገኛል። ይሄ ከመቶ ሰው አንዱን የሚነካ ዕጣ ነው። ከ80 ባቱ ውስጥ 20ው ለዚህ አንድ ዕጣ ይሄዳል ማለት ነው። ችግሩ አዟሪዎች ብዙ ጊዜ ከተተመነው በላይ መሸጣቸው ነው። አስበልጦ የገዛ ሰው 60 በመቶው አይደርሰውም።

ጃፓንም የታተመ ትኬት አላት። ትልቁ የዓመቱ መጨረሻ ጃምቦ 300 የን ሲሆን፣ አንደኛ ዕጣው 700 ሚሊዮን የን፣ ዕድሉ ከ20 ሚሊዮን አንድ ነው። ግብር የለውም። ነገር ግን ሕጉ ለዕጣ የሚመለሰውን ከግማሽ በላይ እንዲሆን አይፈቅድም። የቀረው ለክፍለ ሀገራትና ለትልልቅ ከተሞች ሥራ ይውላል።

ጎረቤትህ ሲደርሰው

የኔዘርላንድስ የፖስታ ኮድ ሎተሪ ከ1989 ጀምሮ አለ። ቁጥራችሁ የቤታችሁ የፖስታ ኮድ ነው። በየወሩ ትከፍላላችሁ። ኮዱ ሲወጣ ትኬት ያላቸው የአንድ ሰፈር ሰዎች በጋራ ያሸንፋሉ። ከሽያጩ ቢያንስ 40 በመቶ ለበጎ አድራጎት ይሄዳል። መስጠት ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ቅር የሚለኝ ግን አንድ ነገር አለ። ሌላ ሎተሪ ላይ ካልቆረጣችሁ ምን እንዳመለጣችሁ አታውቁም። እዚህ ግን ኮዳችሁ ሲወጣ ጎረቤት ሲጨፍር ታያላችሁ። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚከፍለው ከተስፋ ይልቅ ከፀፀት ፍርሃት የተነሣ ይመስለኛል። ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት ደግሞ ያልደረሳቸው ጎረቤቶች መኪና የመግዛት ዝንባሌያቸው ጨምሮ ታይቷል። በወር በወር ከሚቆረጥ ክፍያ ለመውጣት የሚከብደው ሰው ቢርቀው ጥሩ ነው።

የሚፋቀው

ፈጣን ነው፤ አደጋውም ፍጥነቱ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ከሚፋቁ ትኬቶች ሽያጭ ከ70 በመቶ በላይ ለዕጣ ይመለሳል፤ ይሄ ከፓወርቦል በጣም ይበልጣል። ነገር ግን አምስት ዶላር ያሸነፈ ሰው አምስቱን እዚያው ቆሞ መልሶ ይቆርጥበታል። እንዲህ ሲዞር 70 በመቶው ሳይታወቅ ወደ ዜሮ ይወርዳል። የግድ የሚፋቅ የምትገዙ ከሆነ ትልልቆቹ ዕጣዎች አስቀድመው አለመውጣታቸውን አረጋግጡ። ብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ስንት እንደቀረ ዝርዝር ያወጣሉ።

ዋናው ገንዘብ የማይጠፋበት

እንግሊዝ ውስጥ በ1956 የተጀመረ ፕሪሚየም ቦንድ የሚባል ነገር አለ። የሚሸጠው የመንግሥት የቁጠባ ተቋም ነው። አንዱ ቦንድ 1 ፓውንድ ሲሆን ከ25 ፓውንድ ጀምሮ እስከ 50,000 ድረስ መያዝ ይቻላል። ወለድ አይከፈልበትም። በወለዱ ፈንታ በየወሩ ዕጣ ይወጣል፤ ሁለት ሰው አንድ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ይደርሰዋል፣ ብዙ ሰው ደግሞ ከ25 ፓውንድ ጀምሮ ያገኛል። ከግብር ነፃ ነው። ባይደርሳችሁም ገንዘባችሁን በፈለጋችሁ ጊዜ ታወጣላችሁ። በ1957 የመጀመሪያውን ዕጣ ያወጣው ኤርኒ የተባለው ማሽን ነው። የሠሩት መሐንዲሶች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኮሎሰስ የተባለውን ምስጢር ፈቺ ኮምፒዩተር የገነቡት ናቸው።

ጉድለት አለው። ጥቂት ቦንድ የያዘ ሰው ለዓመታት ምንም ላያገኝ ይችላል፤ የኑሮ ውድነቱ ደግሞ ገንዘቡን ይበላዋል። ቢሆንም መቆጠብ ለሚከብደውና ዕጣ ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ መካከለኛ መንገድ አላየሁም። አሜሪካ ውስጥ በ2009 የሚሺጋን የቁጠባ ማኅበራት ተመሳሳዩን ጀምረዋል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ግን በ2005 አንድ ባንክ የጀመረው የሎተሪ ሕጉን ይጥሳል ተብሎ በ2008 በፍርድ ቤት ተዘጋ። ያሳዝነኛል፤ ድሃ ገንዘቡን ሳያጣ ተስፋ የሚያደርግበት በር ነበር።

ዕጣውን ማን ያወጣዋል?

በኳስ የሚወጣና በኮምፒዩተር የሚወጣ አለ። ሁለቱም ተጭበርብረዋል። በ1980 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከ4 እና ከ6 በቀር የሌሎቹ ኳሶች ክብደት ተጨምሮባቸው 666 ወጣ። ከወንጀሉ ጀርባ የነበረው የዕጣው የቴሌቪዥን አቅራቢ ራሱ ነበር። የብዙ ክፍለ ግዛቶች ሎተሪ ማኅበር የደኅንነት ኃላፊ ደግሞ ቁጥር የሚያወጣው ኮምፒዩተር ውስጥ የራሱን ኮድ ደብቆ ሲያሸንፍ ቆይቶ በ2017 እስከ 25 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

በ2023 ቴክሳስ ውስጥ አንድ ቡድን 25.8 ሚሊዮን ያህሉን የቁጥር ጥምረት ከሞላ ጎደል ሁሉንም ገዝቶ የ95 ሚሊዮን ዶላር ጃክፖት ወሰደ። እያንዳንዱ ትኬት 1 ዶላር ነበር። በአንድ ጊዜ የተከፈለው ወደ 57.8 ሚሊዮን ነው። በዚያን ቀን ለአንድ ትኬት የተሰለፈው ሠራተኛ ከማን ጋር እንደሚወዳደር አላወቀም። በ2025 የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪዎች የሎተሪ ኮሚሽኑን አፈረሱ።

ስለዚህ ዕጣው በአደባባይ፣ ሰው እያየ የሚወጣበትን አስቀድሙ። የስፔኑ እዚህም ይበልጣል። ሁለት ትልልቅ ሉሎች ውስጥ የእንጨት ኳሶች ይሽከረከራሉ፤ የሳን ኢልዴፎንሶ ትምህርት ቤት ልጆች ቁጥሩንና ሽልማቱን እየዘመሩ ያነባሉ። አዳራሹ በሕዝብ የተሞላ ነው።

ሳትቆርጡ "ደረሰዎት" የሚል መልእክት ከመጣ ሌብነት ነው። ሽልማት ለመልቀቅ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ እውነተኛ ሎተሪ የለም።

በጋራ የምትቆርጡ ከሆነ

በጋራ መቁረጥ ከቁጥር መራጮቹ ጋር ይስማማል። በፌብሩዋሪ 2023 የሱፐርኤናሎቶን 371 ሚሊዮን ዩሮ የወሰደው በ90 ድርሻ የተከፈለ የጋራ ጨዋታ ነው። ግን ቃል ብቻ አይበቃም። እኔ በአንድ ወቅት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስቆርጥ ትንሽ ዕጣ ደረሰን። ትኬቱን የያዘው "የዛሬው የራሴ ነው" አለ። ገንዘቡ ምንም አልነበረም፤ ሰላምታችን ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ስምና ድርሻ ጻፉ፣ ሁላችሁም ፈርሙ፣ የትኬቱን ፎቶ ለሁሉም ላኩ።

ከትኬቱ ጀርባም ፈርሙበት፤ የሽልማቱን የመጠየቂያ ቀንም ያዙ። ስፔን ሦስት ወር ትሰጣለች፤ እንግሊዝ 180 ቀን። በጁን 8 ቀን 2012 እንግሊዝ ውስጥ ስቲቨኔጅና ሂችን አካባቢ የተሸጠ አንድ የዩሮሚሊየንስ ትኬት 63.8 ሚሊዮን ፓውንድ አሸነፈ። ባለቤቱ ስድስት ወር ሙሉ ተፈለገ። ማንም አልመጣም። ዲሴምበር 5 ሌሊት ላይ ቀኑ አለፈና ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ሥራዎች ገባ።